ሙቀትን የሚያዩ ካሜራዎች ገበያ፦ ከጦር ሜዳ እስከ እርሻ ማሳ

በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት በባንክ ደጃፍ፣ በመናኸሪያ ወይም በመሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ ቆሞ ግንባሩን ያላስለካ የከተማ ነዋሪ ጥቂት ነው። ጥበቃው ሽጉጥ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ወደ ግንባር ይደግናል፤ ምንም ሳይነካና ሳይወጋ፣ በሴኮንድ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ምናምን የሚል ቁጥር ይነበባል። በጊዜው መሣሪያዋ ጨረር ትረጫለች ብለው የሰጉ ብዙዎች ነበሩ። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መሣሪያዋ ሙቀቱን ለመለካት የምትልከው ነገር የለም፤ የምትቀበለው እንጂ። ጨረሩን የሚልከው የራሳችን ግንባር ነው።

ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ብርሃን ያመነጫል። የምድጃ ፍም ቀልቶ የሚታየው እጅግ ስለሚሞቅ ነው። ፍሙ በርዶ ሲጠቁርም ብርሃን መስጠቱን አያቆምም፤ ብርሃኑ ዐይናችን ሊያየው ወደማይችለው ዓይነት ይለወጣል እንጂ። የሰው ገላ፣ የላም ጀርባ፣ ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ክዳን፣ የበቆሎ ቅጠል፣ ሁሉም ቀንም ሌሊትም ይህንኑ የማይታይ ብርሃን ይሰጣሉ። ሳይንቲስቶች ኢንፍራሬድ ይሉታል፤ ከቀይ በታች ያለ ማለት ነው። መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው እ.ኤ.አ በ1800 በእንግሊዝ ይኖር የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊሊያም ኸርሸል ነው። ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በመስታወት በትኖ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞ ሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ባሻገር ምንም በማይታይበት ቦታ ላይ ያኖረው ቴርሞ ሜትር ይበልጥ ሲሞቅ አየ።

የዚህን ብርሃን ቅርብ ዘመድ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍን ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ ቁልፉን ሲጫኑት፣ በባዶ ዐይን የማይታይ መብራት በስልኩ መስኮት ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ይታያል። በአንዳንድ ስልኮች የኋላው ካሜራ ስለሚከለክለው የፊቱን ካሜራ መሞከር ይገባል። ይሁን እንጂ ይኸው ስልክ የሰውን ገላ ሙቀት ማየት አይችልም። ከገላችን የሚወጣው ብርሃን ሞገዱ ዐይናችን ከሚያየው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ሃያ እጥፍ የሚጠጋ ይረዝማል። ያንን ለማየት ሌላ ዓይነት ሌንስና ሌላ ዓይነት ዳሳሽ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ዕቃዎች እንዲፈጠሩ ከማንም በላይ ገንዘብ ያፈሰሱት ደግሞ ጦር ሠራዊቶች ናቸው።

የዕቃዎቹ ሠሪዎች በየዓመቱ ሚያዝያ ወር ላይ አሜሪካ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። አዘጋጁ ኤስ ፒ አይ ኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የብርሃን ሳይንስ ማኅበር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1955 በካሊፎርኒያ የፎቶግራፍ መሣሪያ መሐንዲሶች ማኅበር ሆኖ የተመሠረተ ነው። ጉባኤው አንድ ጊዜ በፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ፣ ሌላ ጊዜ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሜሪላንድ ናሽናል ሃርበር ይካሄዳል። ከጦር ሠራዊት የምርምር ላቦራቶሪዎችና ከዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ከጎናቸውም ኩባንያዎች ምርታቸውን የሚያሳዩበት ዐውደ ርዕይ ይከፈታል። የጉባኤው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ ኤሮ ሴንስ ይባል ነበር፤ ቀጥሎ የመከላከያና የደኅንነት ጉባኤ ተባለ፤ ዛሬ የሚጠራው የመከላከያና የንግድ ዳሰሳ ተብሎ ነው። ንግድ የሚለው ቃል ዘግይቶ መግባቱ በአጋጣሚ አይደለም። ለወታደር የተሠራው ዐይን ለሐኪሙ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ለኤሌክትሪክ ባለሙያውና ለገበሬው መሸጥ የጀመረበትን ዘመን ያሳያል።

ለእኛስ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ነገ በአንድ የሀገራችን ማሳ ላይ ሰብል ለመቃኘት የምትበር መሣሪያ ምን ያህል እንደምታይ፣ ስንት እንደምትሸጥና ማን እንዲገዛት እንደሚፈቀድለት በአመዛኙ የሚወሰነው በዚህ ዓይነቱ ገበያና በዙሪያው ባሉ ሕጎች መሆኑ ነው።

ብርጭቆ የማያሳልፈው፣ ፌስታል የሚያሳልፈው

በዚህ ዐውደ ርዕይ ታንክና መድፍ ለማየት የጠበቀ ጎብኚ ግራ ይጋባል። በጠረጴዛዎቹ ላይ የሚደረደረው ባብዛኛው በመዳፍ የሚያዝ ዕቃ ነው። ሌንስ፣ የጥፍር መጠን ያለው ዳሳሽ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ የሌዘር ምንጭ፣ የብርሃን ማጣሪያ። የተሟላ ካሜራ የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ፤ ነገር ግን ከእነርሱ የማይተናነስ ቦታ የሚይዙት ለእነዚያ ኩባንያዎች ዕቃ የሚያቀርቡት ናቸው። ወፍጮ ቤት የሚከፍት ሰው ሞተሩን ከአንዱ፣ ድንጋዩን ከሌላው፣ ቀበቶውን ከሦስተኛው እንደሚገዛ ሁሉ፣ የሙቀት ካሜራ የሚሠራ ድርጅትም ዕቃውን ከብዙ እጅ ይሰበስባል።

ከሌንሱ እንጀምር። ተራ መስታወት ለገላችን ሙቀት ብርሃን ግድግዳ ነው። በሙቀት ካሜራ የመስኮት መስታወትን የተመለከተ ሰው ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ሳይሆን የራሱን ደብዛዛ ምስል በመስታወቱ ላይ ያያል። በአንጻሩ እጅን የማያሳይ ጥቁር ስስ ፌስታል ለዚህ ብርሃን ክፍት በር ነው፤ እጁን ፌስታል ውስጥ ያስገባ ሰው ጣቶቹ አንድ በአንድ በካሜራው ላይ ይታያሉ። ይህ በየዐውደ ርዕዩ ጎብኚን ለመሳብ የሚደረግ የታወቀ ማሳያ ነው። ያየ ሰውም ግልጽና ድፍን የሚባለው ነገር እንደ ብርሃኑ ዓይነት እንደሚለያይ ከማንኛውም ንግግር በላይ ይረዳል።

እንግዲህ ሌንሱ ከመስታወት ካልተሠራ ከምን ይሠራ? ሌንስ ከፌስታል አይሠራም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለገለው ጀርመኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሲያዩት እንደ ተወለወለ ብረት ያብረቀርቃል፤ ለዐይን ፈጽሞ ድፍን ነው፤ ለሙቀት ብርሃን ግን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ጀርመኒየም ለብቻው ተቆፍሮ የሚወጣበት ሁኔታ እምብዛም ነው፤ በአብዛኛው ዚንክ ሲጣራና የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል ከሚቀረው ተረፈ ምርት ይለቀማል። ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምታጣራው ቻይና ናት። እ.ኤ.አ ከነሐሴ 2023 መጀመሪያ ጀምሮ ቻይና ጀርመኒየምና ጋሊየም ያለ ልዩ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጡ ስትደነግግ፣ ዋጋው ወዲያው ናረ። ከዚያ ወዲህ ያገለገሉ ሌንሶችንና የፋብሪካ ፍቅፋቂን እያቀለጠ ጀርመኒየም የሚመልስ ድርጅት፣ እንዲሁም ጀርመኒየምን የሚቀንስ ልዩ መስታወት እያቀለጠ በቅርጽ የሚያትም ድርጅት ተፈላጊነቱ ጨምሯል። የቤልጅየሙ ዩሚኮር በመጀመሪያው ሥራ ይታወቃል። የሁለቱ ኃያላን ፉክክር የአንድ የእርሻ ካሜራ ዋጋ ላይ የሚያርፈው በዚህ መንገድ ነው።

የካሜራው ልብ ግን ዳሳሹ ነው። ዳሳሽ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መቀዝቀዝ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ በ1959 በእንግሊዝ ማልቨርን በነበረው የመንግሥት የራዳር ምርምር ተቋም የተገኘው የሜርኩሪ፣ የካድሚየምና የቴሉሪየም ውህድ የዚህ ዓይነቱ ፈር ቀዳጅ ነው። ውህዱ እጅግ ደካማ የሆነ የሙቀት ብርሃንን ይይዛል፤ ችግሩ ራሱም ሙቀት ስላለው የራሱ ሙቀት የሚያየውን ያውከዋል። ጆሮው ውስጥ ሁልጊዜ ጩኸት እንዳለበት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ይህ ቅዝቃዜ ለገበሬው ባዕድ አይደለም፤ የከብት ማዳቀያ ባለሙያው የኮርማ ዘር ይዞበት የሚመጣው፣ ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጉም የሚተንበት የፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ያለው ቅዝቃዜ ልክ ይኸው ነው። በአውሮፕላን ወይም በሚሳኤል ላይ ግን እንዲህ ያለ ታንክ መሸከም ስለማያመች፣ ጡጫ የምታህል የማቀዝቀዣ ሞተር ትገጠማለች። ሞተሯ ውድ ናት፤ ታረጃለችም። እንዲህ ያለው ካሜራ ዋጋው በዐሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠረውም ስለዚህ ነው።

ነገሩን የለወጠው ሁለተኛው ዓይነት፣ ቅዝቃዜ የማይፈልገው ዳሳሽ ነው። በ1980ዎቹ ሃኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጦር ሠራዊቱ ገንዘብ በምስጢር ይሠራው ነበር። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ እያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ በሁለት ቀጫጭን እግሮች ላይ የቆመች ስስ ጠረጴዛ ናት። ሙቀት ሲያርፍባት ትሞቃለች፤ ስትሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሟ ይለወጣል፤ ለውጡ ተለክቶ ምስል ይሆናል። እግሮቹ የቀጠኑት ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሸሽ ነው፤ ዙሪያው አየር አልባ የተደረገውም ለዚሁ ነው። ዛሬ የአንዷ ጠረጴዛ ወርድ 12 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ላይ ብዙዎቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። አንድ ደኅና ዳሳሽ ከ300 ሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ጠረጴዛዎች ሲኖሩት፣ የአንድ ዲግሪ ሃያኛ እጅ የሚሆን የሙቀት ልዩነት ይለያል።

የዚህ ፈጠራ ምስጢርነት እ.ኤ.አ በ1992 ተነሣ፤ ፈቃዱም ለሌሎች ኩባንያዎች ተሸጠ። ከአንድ ዓመት በፊት በኩዌት በረሃ በተደረገው ጦርነት ታንኮች በጨለማና በጭስ ውስጥ ጠላታቸውን በሙቀቱ ለይተው ሲመቱ ዓለም አይቶ ነበር። አሁን ያው ችሎታ፣ በጥራት ዝቅ ብሎም ቢሆን፣ ለማንም ሊሸጥ ሆነ። ፈረንሳዮች በበኩላቸው በሌላ ጥሬ ዕቃ ተመሳሳዩን ሠሩ፤ የዛሬው ሊንሬድ የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። በዘርፉ ስሙ በጣም የሚጠራውን ፍሊር የተባለውን ኩባንያ ደግሞ ቴሌዳይን እ.ኤ.አ በ2021 ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። ዛሬ በስልክ ጫፍ ላይ የምትሰካ የሙቀት ካሜራ በጥቂት መቶ ዶላር ትገኛለች።

ዘጠኝ ምስል በሴኮንድ

ቴክኖሎጂው ለንግድ ተፈቀደ ማለት ግን ልጓሙ ወለቀ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ የሙቀት ካሜራዎችን በጥንቃቄ ይመድባል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ለባለሙያ ላልሆነ ሰው እንግዳ የሚመስል ቁጥር ነው፤ ቅዝቃዜ የማይፈልግ ካሜራ በሴኮንድ ከ9 ምስል የማያልፍ ከሆነ ቁጥጥሩ ይላላለታል። ተራ ቪዲዮ በሴኮንድ 25 ወይም 30 ምስል ያሳያል። ዘጠኝ ምስል ብቻ የሚሰጥ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ይቆራረጣል፤ በፍጥነት ለሚሮጥ ዒላማ ወይም ለሚወረወር መሣሪያ መሪ ሊሆን አይመችም። የሕጉ ሐሳብ ይኸው ነው። ለገበሬ ግን ዘጠኙ ከበቂ በላይ ነው፤ ጤፍ አይሮጥም።

በአዳራሹ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ያው ዳሳሽ በአንዱ ድሮን ላይ ተገጥሞ የተጠማ ማሳ ይለያል፤ በሌላው ላይ ተገጥሞ ሌሊት የሚንቀሳቀስ ሰው ይለያል። ካሜራው ሞቃቱን ከቀዝቃዛው እንጂ ወታደሩን ከእረኛው አይለይም። ያንን የሚለየው፣ ወይም ሳይለይ የሚቀረው፣ ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው ነው፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ፍርድ ሥራውን እየተጋራ መጥቷል። የዕቃው አቅራቢዎች በየጠረጴዛቸው የሚነግሩት ስለ ነጥብ ብዛት፣ ስለ ክብደትና ስለ ባትሪ ነው። የአጠቃቀሙ ክርክር የሚካሄደው ሌላ ቦታ ነው፤ ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ግን ክርክሩ ከአዳራሹ ባይርቅ ይበጅ ነበር።

ማሳው በጉባኤው ውስጥ

ባለፉት ዓመታት በዚሁ የመከላከያ ጉባኤ ሥር የእርሻ ጉዳይ የራሱን ወንበር አግኝቷል። ሰው አልባ መሣሪያዎች ሰብልን እንዴት እንደሚቃኙ የሚያጠና አንድ ዘርፍ አለ፤ የእህልና የምግብን ጥራትና ደኅንነት በብርሃን ስለመመርመር የሚነጋገር ሌላም አለ። ሚሳኤልን የሚከታተል ተመራማሪና የስንዴ በሽታን የሚከታተል ተመራማሪ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሕንፃ፣ ከአንድ ሻጭ ጠረጴዛ ፊት ይቆማሉ ማለት ነው።

ለሰብል የሚጠቅመው ብርሃን ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለቀይ ብርሃን የቀረበው ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብነት ውጦ ያስቀረዋል፤ ከቀይ ትንሽ ወዲያ ያለውን የማይታይ ብርሃን ግን ሊጠቀምበት ስለማይችል ግማሽ ያህሉን መልሶ ይረጨዋል። ቅጠል ሲታመም ወይም ሲጠወልግ ይህ ሚዛን ይዛባል። የሁለቱን ብርሃኖች ልዩነት ለድምራቸው ማካፈል የማሳውን ጤና በአንድ ቁጥር ይገልጻል፤ እ.ኤ.አ በሐምሌ 1972 የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት ከመጠቀች ወዲህ ዓለም የዕፅዋትን ልምላሜ የሚለካው በዚሁ ስሌት ነው። አሁን በዐውደ ርዕዮች የሚታዩት ሃይፐር ስፔክትራል የተባሉ ካሜራዎች ደግሞ ከሁለት ቀለም አልፈው በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቀለማትን ለየብቻ ይለያሉ። መነሻቸው ከሰማይ ሆኖ ማዕድንን ከአፈር፣ በመረብ የተሸፈነ ተሽከርካሪንም ከእውነተኛ ቅጠል ለመለየት ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሸራ ለዐይን ቅጠል ይመስላል፤ ለእነዚህ ካሜራዎች ግን ሸራ ነው። ተመራማሪዎች በዚሁ ችሎታ የስንዴ ዋግ ነጠብጣቡ ለዐይን ሳይወጣ ቅጠሉ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለመያዝ እየሞከሩ ነው። እ.ኤ.አ በ2010 ቢጫ ዋግ በሀገራችን የስንዴ ማሳዎች ላይ ያደረሰውን የሚያስታውስ ገበሬ የጥቂት ቀናት ቅድሚያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሁለተኛው የሙቀቱ ብርሃን ነው። ተክል በቅጠሉ በኩል ውኃ ሲያተን ይቀዘቅዛል፤ ሰው በላቡ እንደሚቀዘቅዝ ማለት ነው። ሥሩ ውኃ ሲያጣ ትንንሾቹን የቅጠል በሮች ይዘጋል፤ ትነቱ ይቆማል፤ ቅጠሉ ይሞቃል። የአሪዞና ፊኒክስ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን የቅጠልና የአየር ሙቀት ልዩነት የጥማት መለኪያ አደረጉት። ሰብሉ ከመጠውለጉ በፊት ካሜራው የሚሞቀውን ጥግ ያሳያል። ለመስኖ ተጠቃሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ውኃው ተራ በሚጠበቅበት ቦይ መጨረሻ ላይ ማሳ ላለው ገበሬ ደግሞ ይበልጥ።

በጉባኤው ከሚቀርቡት ጥናቶች መካከል ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ሌላ አለ። የተቀበረ ፈንጂን ማግኘት ነው። ከአፈር ሥር ያለ ብረት ወይም ፕላስቲክ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ከዙሪያው አፈር በተለየ ፍጥነት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። የሙቀት ካሜራ ይህን ልዩነት በንጋትና በምሽት ይይዘዋል፤ መሬት ሠርሳሪ ራዳር ያግዘዋል። እርጥብ አፈርና ረጅም ሣር ግን ያሳስቱታል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ማሳን ከፈንጂ የሚያጸዱ ሰዎች በብረት መፈለጊያና በውሻ ይሠራሉ፤ ካሜራው ረዳት እንጂ ምትክ አልሆነም። ጦርነት ባለፈበት መሬት እርሻና ግጦሽ የጀመረ ሁሉ የማያውቀውን ብረት መንካት የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የትኛውም መሣሪያ አልፎበት ቢሆን እንኳ።

ከእነዚህ ዳሳሾች ጋር ያለን ትውውቅ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ የቆየ ነው። በ1977 ዓ.ም የደረሰው ረኃብ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1985 የረኃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አቋቋመ። መረቡ የዝናብና የልምላሜ መረጃን ከሳተላይት እየወሰደ፣ የገበያ ዋጋን እየጨመረ፣ የት ወረዳ ምርት እንደሚጎድል ከወራት በፊት ይተነብይ ነበር። እ.ኤ.አ በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም ድረ ገጹም ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ሳተላይቶቹ በሰማይ መዞራቸውን አላቋረጡም፤ የተቋረጠው ያዩትን የሚተረጉመው ሰው ነበር።

ኢትዮጵያም የራሷን ዐይን ሰቅላለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ታይዩዋን የመጠቀችው ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ አንድ የተባለችው ሳተላይት 70 ኪሎ ግራም ያህል ስትመዝን፣ ለግብርና፣ ለአየር ንብረትና ለማዕድን ጥናት ምስል እንድታነሣ የታሰበች ነበረች። መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነው። ከዚህም ቀርቦ፣ በሰሊጥና በቡና ማበጠሪያ ፋብሪካዎች ከለር ሶርተር የሚባለው ማሽን ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ፍሬው በመስመር ሲወርድ ካሜራ አንድ በአንድ ያየዋል፤ የጠቆረው ወይም የተበላሸው ሲመጣ የአየር ግፊት እፍ ብሎ ያስወጣዋል። ይህን የሚሠራው በዐይን ጥቅሻ ፍጥነት ነው።

ድሮን ይዘው ማሳ እንቃኝላችሁ የሚሉ ድርጅቶች በየቦታው ሲመጡ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ሆኑ ባለ ሀብቶች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች ከዚህ ይወለዳሉ። በሀገራችን ድሮን ማስገባትና ማብረር የመንግሥት ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃዱ ነው። ቀጥሎ ካሜራው የትኛውን ብርሃን እንደሚያይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተራ ባለ ቀለም ካሜራ ብቻ የያዘ ድሮን ከዛፍ ላይ ወጥቶ ከሚያይ ሰው ብዙም አይበልጥም፤ ጥማትን ለመለየት የሙቀት ካሜራ፣ ልምላሜን ለመለካት የቀይና የኢንፍራሬድ ካሜራ ያስፈልጋል። የሙቀት ቅኝት ደግሞ ሰዓት ይመርጣል። ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ወይም ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍን የተነሣ ምስል ስለ ጥማት የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ጥሩው ሰዓት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ከአናት ስትደርስ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ምስሎቹ የማይነግሩትም አለ። ካርታው ላይ ቀልቶ የታየ የማሳ ጥግ ውኃ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ማዳበሪያ አንሶት፣ ዋግ ወይም ትል ገብቶበት፣ ወይም አፈሩ ስስ ሆኖ ከአያት ጀምሮ ምርት የማይሰጥ ጥግም ሊሆን ይችላል። ካሜራው ለእነዚህ ሁሉ የሚሰጠው ቀለም ተመሳሳይ ነው። የቀላውን ቦታ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ከገበሬው ጋር ሄዶ ቅጠሉን ገልብጦ፣ ሥሩን ቆፍሮ ካላየው በቀር የጸረ ተባይም ሆነ የማዳበሪያ ግዢ መወሰን የለበትም። ቃኚው ድርጅት ይህን የመሬት ላይ ማጣራት በክፍያው ውስጥ አካትቶ እንደሆነ ከውሉ በፊት ይጠየቅ፤ ምስሉም ለማኅበሩ በእጁ ይሰጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚነሣው ከዘንድሮው ጋር ካልተነጻጸረ ያ ጥግ እየባሰበት ይሁን እየዳነ ማወቅ አይቻልም።